ለአንዱ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የተጻፈ ፕሮግራም በሌላው ላይ እንዴት ይሠራል?

ከላቦራቶሪ ዕቃዎች መካከል ዕድሜው አጭሩ ኮምፒውተሩ ነው። በአግባቡ የተያዘ ስፔክትሮሜትር ሃያና ሠላሳ ዓመት ያገለግላል፤ መስተዋቱና የብርሃን መለኪያው ቢበላሹም ይጠገናሉ ወይም ይለወጣሉ። ከመሣሪያው ጋር አብሮ የመጣው ኮምፒውተር ግን በአሥር ዓመት ውስጥ ያረጃል፤ በላዩ የተጫነው ኦፐሬቲንግ ሲስተምም ከአምራቹ ያገኝ የነበረው ድጋፍ ይቋረጣል። የዊንዶውስ ኤክስፒ ድጋፍ የተቋረጠው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 2014፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ነው። አሮጌው ኮምፒውተር ሲሞት አዲስ ይገዛል፤ አዲሱ ግን የመሣሪያውን ፕሮግራም አልቀበልም ይላል። በዚህ ጊዜ ምንም ያልጎደለው ስፔክትሮሜትር የሚያናግረው በማጣቱ ብቻ ጨርቅ ለብሶ ጥግ ይይዛል። አዲስ መሣሪያ በውጭ ምንዛሪ ለመግዛት ለሚቸገር ትምህርት ክፍል ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም።

ታዲያ ለአሮጌው ዊንዶውስ የተጻፈውን ፕሮግራም በሊኑክስ ላይ፣ ለሊኑክስ የተጻፈውንም በዊንዶውስ ላይ ማሠራት ይቻላልን? መልሱ «ብዙውን ጊዜ አዎን» የሚል ነው። ለሳይንስ ሰው ግን ከዚህ የሚከብድ ሁለተኛ ጥያቄ አለ። ፕሮግራሙ በእንግድነት ሲሠራ የሚሰጠው ቁጥር በገዛ ቤቱ ሳለ ይሰጥ የነበረውን ነውን? በዚህ ጽሑፍ ሁለቱንም ጥያቄዎች በየተራ እንመለከታለን።

ሁለት ዓይነት መልእክቶች

በሃርድ ዲስክ ላይ የተቀመጠ ፕሮግራም ሲታይ የቁጥሮች ሰልፍ ብቻ ነው። በሰልፉ ውስጥ ግን ለሁለት የተለያዩ ተቀባዮች የተላኩ መልእክቶች አሉ። የመጀመሪያው ተቀባይ ፕሮሰሰሩ ነው። «እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ደምር»፣ «ውጤቱ ዜሮ ከሆነ ወደዚያኛው ትእዛዝ ዝለል» የሚሉት ለእርሱ የተላኩ ናቸው። ሁለተኛው ተቀባይ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ነው። ፕሮግራሙ ዲስኩን፣ ስክሪኑንና ኔትወርኩን በቀጥታ እንዲነካ አይፈቀድለትም፤ «ይህን ፋይል ክፈትልኝ»፣ «ይህን መስመር በስክሪኑ ላይ ጻፍልኝ» እያለ ይጠይቃል።

ጥያቄው የሚቀርብበት መንገድ በመሥሪያ ቤት ጉዳይ ከማስፈጸም ጋር ይመሳሰላል። ባለጉዳዩ የሚፈልገውን በቃል ቢያስረዳ አይሰማም፤ ትክክለኛውን ቅጽ ሞልቶ በትክክለኛው መስኮት ማቅረብ አለበት። ሊኑክስ «ይህን ጻፍልኝ» ለሚለው ጥያቄ በ32 ቢት የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ላይ የሰጠው ቁጥር 4 ነው፤ በ64 ቢቶቹ ላይ 1፣ በ64 ቢት የአርም ፕሮሰሰሮች ላይ ደግሞ 64 ነው። ዊንዶውስ የራሱ የሆነ ሌላ አቆጣጠር አለው፤ ያም ቁጥር ከአንዱ ዕትም ወደ ሌላው ስለሚለዋወጥ ፕሮግራሞች መስኮቱን በቁጥር ሳይሆን በመካከል ባሉ የዊንዶውስ ቤተ መጻሕፍት በኩል በስም ይጠሩታል። በዚህ ላይ የፋይል ልማድ ልዩነት ይጨመራል። ለዊንዶውስ በትልቅና በትንሽ የላቲን ፊደል የተጻፈ አንድ ስም ያው አንድ ፋይል ነው፤ ለሊኑክስ ግን ሁለት የተለያዩ ፋይሎች ናቸው። የጽሑፍ መስመር መጨረሻ እንኳ በአንደኛው በሁለት፣ በሌላው በአንድ ምልክት ይገለጻል።

አንድ ኮምፒውተር ዛሬ ዊንዶውስ፣ ነገ ሊኑክስ ቢጫንበት ፕሮሰሰሩ አልተለወጠም። ስለዚህ ከፕሮግራሙ ትእዛዞች እጅግ የሚበዙት፣ መደመሩም ማባዛቱም መዝለሉም፣ አስተርጓሚ ሳያስፈልጋቸው እንዳሉ ይሠራሉ። ቋንቋው የሚጠፋው በመስኮቱ ላይ ብቻ ነው። የሚቀጥለው ክፍል ስለዚያ መስኮት ነው።

መስኮቱን የሚያስመስለው፦ ዋይን

እ.ኤ.አ. በ1993 የተጀመረው የዋይን ፕሮጀክት ዓላማ በዚያን ጊዜ ለነበረው ዊንዶውስ 3.1 የተጻፉ ፕሮግራሞችን በሊኑክስ ላይ ማሠራት ነበር። ስሙ «ዋይን ኢሙሌተር አይደለም» ከሚለው የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር የመጀመሪያ ፊደላት የተወሰደ ነው፤ ቀልድ ቢመስልም ቴክኒካዊ እውነትን ይናገራል። ዋይን ፕሮሰሰሩን አያስመስልም። የዊንዶውሱን ፋይል አንብቦ በሜሞሪ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ ትእዛዞቹን እውነተኛው ፕሮሰሰር በሙሉ ፍጥነቱ ይፈጽማቸዋል። ፕሮግራሙ «ፋይል ክፈትልኝ» ብሎ ወደ ዊንዶውስ መስኮት ሲመጣ ግን ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠው ሌላ ሰው ነው። ዋይን ቅጹን ተቀብሎ፣ «ሲ» የተባለውን ድራይቭ ወደ አንድ የሊኑክስ ማኅደር አዙሮ፣ ጥያቄውን በሊኑክስ አቆጣጠር እንደገና ጽፎ ያስፈጽማል፤ መልሱንም በዊንዶውስ ወግ ይመልሳል። ባለጉዳዩ ምንም አላወቀም።

ሥራው በጥቂት ወራት የሚያልቅ ይመስላል። የዋይን ዕትም 1.0 የወጣው ግን እ.ኤ.አ. በጁን 2008፣ ማለትም ከ15 ዓመት በኋላ ነው። ምክንያቱ ቢታወቅ ስለ ሶፍትዌር ብዙ ያስተምራል። የዊንዶውስ መስኮቶች ምን እንደሚሠሩ በመመሪያ መጻሕፍት ተጽፏል፤ ፕሮግራሞች የሚደገፉት ግን በተጻፈው ብቻ አይደለም፤ መስኮቱ ሳይጻፍ በሚያደርገውም፣ በስሕተት በሚያደርገውም ይደገፋሉ። የማይክሮሶፍት መሐንዲሶች ራሳቸው ይህ ደርሶባቸዋል። ሲምሲቲ የተባለው የጨዋታ ፕሮግራም ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ መልሶ ያስረከበውን ሜሞሪ እንደገና ያነብ ነበር። ይህ ግልጽ ስሕተት ነው፤ ይሁን እንጂ የድሮው ዊንዶውስ የተመለሰለትን ሜሞሪ ወዲያው ለሌላ ስለማይሰጠው ጨዋታው ያለ ችግር ይሠራ ነበር። በዊንዶውስ 95 ላይ ግን ወደቀ። መሐንዲሶቹ ያደረጉት ጨዋታውን ማረም አልነበረም፤ ዊንዶውስ 95 ሲምሲቲ መሆኑን ሲያውቅ የተመለሰውን ሜሞሪ ሳይነካ እንዲያቆየው አደረጉ። የዊንዶውስን መስኮት አስመስላለሁ የሚል ሁሉ እንዲህ ያለውን ያልተጻፈ ሕግ አንድ በአንድ ማግኘት አለበት፤ የሚያገኘውም እንደ እኛ እንደ ፊዚክስ ሰዎች ነው፦ እየሞከረ፣ የሚወጣውን እየመዘገበ።

የሥራው ፍሬ አንዳንዴ የሚያስቅ ነው። 64 ቢት የሆነው ዊንዶውስ ለዊንዶውስ 3.1 የተጻፉትን ባለ16 ቢት ፕሮግራሞች አያሠራም፤ በ64 ቢት ሊኑክስ ላይ ያለው ዋይን ግን ብዙዎቹን ያሠራል። የአባቱን ዘመዶች ልጁ ሳያውቃቸው ጎረቤቱ ያስተናግዳቸዋል ማለት ነው። ለዋይን የቅርብ ጊዜ መሻሻል ትልቁን ገንዘብ ያመጡት ሳይንቲስቶች አይደሉም፤ የጨዋታ ነጋዴዎች ናቸው። ቫልቭ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2018 በዋይን ላይ የተመሠረተውን ፕሮቶንን አወጣ፤ በ2022 ደግሞ በሊኑክስ የሚሠራና የዊንዶውስ ጨዋታዎችን የሚያጫውት የእጅ መሣሪያ ለገበያ አቀረበ። ላቦራቶሪዎች ከዚህ ድግስ ፍርፋሪ ቢያገኙ የሚያሳፍር አይደለም።

ተቃራኒው ጉዞም ተሞክሯል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2016 የሊኑክስን ፕሮግራሞች በዊንዶውስ 10 ላይ የሚያሠራ ክፍል አቀረበ። የመጀመሪያው ዕትም ልክ እንደ ዋይን የሊኑክስን ጥያቄዎች ወደ ዊንዶውስ የሚተረጉም ነበር። በ2019 ይፋ የሆነው ሁለተኛው ዕትም ግን ትርጉሙን ትቶ እውነተኛውን የሊኑክስ እምብርት በምናባዊ ኮምፒውተር ውስጥ አስቀመጠው። አንዳንድ ጥያቄዎች አልተተረጎሙም ነበር፤ ፋይል የሚበዛበት ሥራም ይንቀራፈፍ ነበር። ብዙ ገንዘብና የራሱን ዊንዶውስ ሙሉ ዕውቀት የያዘ ኩባንያ ይህን መንገድ ትቶ ከወጣ፣ የዋይን ሰዎች የደረሱበት ምን ያህል ከባድ እንደነበር መገመት ይቻላል።

ፕሮሰሰሩም ሲለወጥ

ፕሮሰሰሩ ሌላ ዓይነት ከሆነ የመስኮቱ ትርጉም ብቻውን አይበቃም፤ መደመሩም መዝለሉም መተርጎም አለበት። ይህ በመርሕ ደረጃ ሁልጊዜ የሚቻል ነው። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አለን ቱሪንግ እ.ኤ.አ. በ1936 የማንኛውንም የስሌት ማሽን መግለጫ ተቀብላ ያንኑ ማሽን ሆና የምትሠራ አንዲት ማሽን ልትኖር እንደምትችል አሳይቷል። ቱሪንግ ያላለው ነገር ቢኖር ምን ያህል ጊዜ እንደምትወስድ ነው። አንድን የእንግዳ ትእዛዝ አንብቦ፣ ትርጉሙን ፈልጎ፣ በብዙ የራስ ትእዛዞች መፈጸም ሥራውን በብዙ እጥፍ ያዘገየዋል።

ኢሙሌተር የሚለው ቃል በዚህ ትርጉሙ የመጣው ከአይ.ቢ.ኤም. ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1964 ሲስተም/360ን ይፋ ሲያደርግ ደንበኞቹ ለቀድሞዎቹ ማሽኖች ያጻፏቸውን ፕሮግራሞች ጥለው እንደማይመጡ ስለሚያውቅ አዲሶቹ ማሽኖች አሮጌዎቹን እንዲያስመስሉ አድርጎ ሠራቸው። አፕልም እ.ኤ.አ. በ2020 ከኢንቴል ወደ ራሱ የአርም ፕሮሰሰር ሲሸጋገር ሮዜታ 2 የተባለውን ተርጓሚ አቀረበ። ሮዜታ በተቻለ መጠን ፕሮግራሙን ከመነሻው አንድ ጊዜ ተርጉሞ ስለሚያስቀምጠው መዘግየቱ ብዙም አይሰማም።

ሦስተኛው መንገድ ምናባዊ ኮምፒውተር ነው። በዚህ ጊዜ ፕሮግራሙ ብቻ ሳይሆን ዊንዶውሱም ራሱ እንዳለ እንግዳ ይሆናል፤ የሚመሰልለት ዲስኩ፣ ስክሪኑና የኔትወርክ ካርዱ ነው፤ ስሌቱን የሚፈጽመው እውነተኛው ፕሮሰሰር ነው። ይህም ከ1960ዎቹ የአይ.ቢ.ኤም. ሥራ የመነጨ ሲሆን በግል ኮምፒውተሮች ላይ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1999 በኋላ ነው። የዋይንን ያህል ቀልጣፋ አይደለም፤ የዊንዶውስ ፈቃድም ይጠይቃል፤ ያልተጻፉትን ሕጎች ሁሉ ግን ከነስሕተታቸው ይዞ ይመጣል። ለሳይንስ ያለው ዋጋም እዚህ ላይ ነው። ሰርን እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2014 ሲ.ኤም.ኤስ. የተባለው ሙከራ በ2010 ከሰበሰበው መረጃ ለሕዝብ ሲለቅ አብሮ የሰጠው ምናባዊ ኮምፒውተር ነበር። መረጃው የሚነበበው በዘመኑ ሶፍትዌር ነው፤ ያም ሶፍትዌር የሚሠራው በዘመኑ ሊኑክስ ላይ ነው። ስለዚህ ሦስቱንም በአንድነት አሽገው ላኩ።

ቁጥሩ ያው ነውን?

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ። «የመደመር ትእዛዝ አስተርጓሚ አያስፈልገውም» ብለን ነበር። ይህ እውነት የሚሆነው መደመር ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ሲስማሙ ነው። የድሮዎቹ ባለ32 ቢት የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ፕሮግራሞች አስርዮሽ ቁጥሮችን የሚያሰሉት 80 ቢት ስፋት ባላቸው ልዩ ማከማቻዎች ነበር። ከ80ው ውስጥ 64ቱ ለቁጥሩ አሃዞች የተመደቡ ስለሆኑ 19 ያህል አስርዮሽ አሃዞችን ይይዛሉ። ከእነዚህ ማከማቻዎች ጋር አንድ መቆጣጠሪያ አለ፤ በእርሱም ፕሮሰሰሩ እያንዳንዱን ውጤት በ64 ቢት ወይም በ53 ቢት እንዲያጠጋጋ ማዘዝ ይቻላል። 53 ቢት 16 ያህል አስርዮሽ አሃዝ ነው።

ይህን መቆጣጠሪያ ፕሮግራሙ ሲጀምር የሚያስተካክለው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ነው፤ በ32 ቢት ዘመን ዊንዶውስ በ53፣ ሊኑክስ በ64 ያስጀምሩት ነበር። አንባቢ የሚከተለውን ስሌት ይመልከት፦ 1 ላይ 10⁻¹⁷ እንደምርና መልሰን 1 እንቀንስ። በ53 ቢት፣ ከ1 ቀጥሎ ያለው ቁጥር ከ1 የሚርቀው በ2.2 × 10⁻¹⁶ ስለሆነ የደመርነው ጠፍቶ ውጤቱ 0 ይሆናል። በ64 ቢት፣ ርቀቱ 1.1 × 10⁻¹⁹ ስለሆነ መልሱ 10⁻¹⁷ ገደማ ነው። ፕሮሰሰሩ አንድ፣ ትእዛዙ አንድ፣ መልሱ ግን ሁለት ነው። ዋይንን የመሰለ አስመሳይ መስኮቱን ብቻ ሳይሆን ይህንንም መቆጣጠሪያ እንደ ዊንዶውስ ማስተካከል ይኖርበታል።

ሁለተኛው የልዩነት ምንጭ ይበልጥ የተደበቀ ነው። አይ.ኢ.ኢ.ኢ. 754 የተባለው የ1985 መስፈርት መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛት፣ ማካፈልና የካሬ ሥር ውጤታቸው እስከ መጨረሻዋ ቢት የተወሰነ እንዲሆን ያስገድዳል። ሳይን፣ ኮሳይን፣ ሎጋሪዝምና የመሳሰሉትን ግን አያስገድድም። እነዚህ ብዙውን ጊዜ የሚሰሉት ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ጋር በሚመጣ ቤተ መጻሕፍት ነው። ዋይን የራሱን ቤተ መጻሕፍት ስለሚጠቀም በመጨረሻዋ አሃዝ ላይ ከማይክሮሶፍቱ ሊለይ ይችላል። ምናባዊው ኮምፒውተር ግን የማይክሮሶፍቱን ራሱን ይዞ ስለሚመጣ ይህ ችግር የለበትም።

የመጨረሻዋ አሃዝ ምን ታደርጋለች የሚል ይኖራል። የመምጠጫ ስፔክትረም ከፍታ ለሚለካ ሰው ምንም አታደርግም፤ መሣሪያው ራሱ ከሦስት ወይም ከአራት አሃዝ በላይ አያምንምና። ያልተረጋጋ ሥርዓትን በስሌት ለሚከታተል ግን ሌላ ነው። ኤድዋርድ ሎሬንዝ እ.ኤ.አ. በ1961 የአየር ጠባይ ስሌቱን 0.506127 በሚል ፈንታ በ0.506 ሲያስጀምር ውጤቱ ፈጽሞ ሌላ ሆኖ አግኝቶታል። በስሙ በሚታወቁት ሦስት እኩልታዎች፣ በተለመዱት መለኪያዎች፣ ትንሽ ልዩነት በእያንዳንዱ የጊዜ አሃድ በአማካይ 2.5 እጥፍ ገደማ ያድጋል። በ10⁻¹⁶ የጀመረ ልዩነት 1 ለመድረስ የሚፈጅበት 40 ያህል የጊዜ አሃድ ብቻ ነው። አንድ ተማሪ ይህን ስሌት በዊንዶውስ ጀምሮ በሊኑክስ ቢጨርስ ሁለቱ መስመሮች አንድ አይሆኑም፤ በዚህ ጊዜ መነጻጸር ያለበት የእያንዳንዱ ነጥብ ዋጋ ሳይሆን አማካዩና ሥርጭቱ ነው።

መሣሪያና አሮጌ ጽሑፍ

ከመሣሪያ ጋር የሚነጋገሩ ፕሮግራሞች ሌላ ፈተና አለባቸው። በዶስ ዘመን የተጻፉት ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ሳይጠይቁ በቀጥታ ከኮምፒውተሩ በር ጋር ይነጋገራሉ፤ የፕሪንተሩ በር አብዛኛውን ጊዜ በአሥራ ስድስት መደብ 378 በሚል አድራሻ ይገኝ ነበር። በዋናው ሰሌዳ ላይ በሚሰካ አሮጌ ካርድ የሚሠራ መሣሪያ ካለ ምናባዊ ኮምፒውተር ብዙም አይረዳም፤ አዲሱ ኮምፒውተር ካርዱ የሚገባበት ቦታ እንኳ የለውም። በአር.ኤስ.-232 ገመድ የሚነጋገር ከሆነ ግን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ገመዱን ከዩ.ኤስ.ቢ. የሚያገናኝ መለወጫ አለ፤ ምናባዊው ኮምፒውተርም ዋይንም በሩን ለፕሮግራሙ ያስተላልፋሉ።

የሚያሠጋው ሰዓቱ ነው። ምናባዊ ኮምፒውተር ፕሮሰሰሩን ከሌሎች ጋር ስለሚጋራ ለጥቂት ሚሊሰከንድ ሊቆም ይችላል። የቆጠራውን ጊዜ የሚለካው መሣሪያው ራሱ ከሆነ ጉዳት የለውም፤ የሚለካው ፕሮግራሙ ከሆነ ግን ቆጠራው ይዛባል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። 1000 ኸርዝ የሚሰጥ የሲግናል ማመንጫ ማገናኘትና 10 ሰከንድ መቁጠር ነው። 10,000 ላይ አንድ ሁለት ቢጎድል ወይም ቢበዛ የሚጠበቅ ነው፤ በየሙከራው በመቶዎች የሚለዋወጥ ከሆነ ፕሮግራሙ ለጊዜ መለኪያነት አይታመንም።

ከላቦራቶሪ ውጭም ይህ ዕውቀት ይፈለጋል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዕትም 3.0 ነው። ከዚያ በፊት የተጻፉ የአማርኛ ሰነዶች እያንዳንዱ አምራች ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቦታ እንደ ፈቀደ ባስቀመጠበት ሥርዓት የተጻፉ ናቸው። ፎንቱ ከሌለ የሚታየው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ነው። ጽሑፉን ለማዳን አሮጌውን ፕሮግራም ከነፎንቱ በምናባዊ ኮምፒውተር ከፍቶ ማየትና የትኛው ቁጥር የትኛው ፊደል እንደሆነ ሠንጠረዥ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ከሠንጠረዡ በኋላ ወደ ዩኒኮድ መለወጡ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ በፍሎፒ ዲስክ የተቀመጡ የመመረቂያ ጽሑፎች ይህን ይጠብቃሉ፤ ዲስኮቹም መግነጢሳቸው እየደከመ ነው።

የሌላውን መስኮት ማስመሰል ሕጋዊ ነው ወይ ለሚሉ፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2021 በጉግልና በኦራክል መካከል በነበረው ክርክር 6 ለ 2 በሆነ ድምፅ ወስኗል። ጉግል ከጃቫ የወሰዳቸው 11,500 ያህል የመገናኛ መስመሮች በፍትሐዊ አጠቃቀም ውስጥ እንደሚወድቁ ተፈርዷል። ውሳኔው ለዚያ ጉዳይ የተሰጠ ቢሆንም እንደ ዋይን ላሉት ጥሩ ዜና ነበር።

አሮጌ መሣሪያ ላላቸው የምንመክረው ሥራው አሮጌው ኮምፒውተር ገና እየሠራ እንዲጀመር ነው። በመጀመሪያ የሃርድ ዲስኩ ሙሉ ቅጂ ይወሰድ፤ ፕሮግራሙ ብቻ ቢገለበጥ ድራይቨሩና የማስተካከያ ፋይሎቹ ይቀራሉ። ቀጥሎ አንድ የታወቀ ናሙና በአሮጌው ይለካና ጥሬ መረጃው ይቀመጥ፤ ያው ጥሬ መረጃ በምናባዊው ኮምፒውተርና በዋይን ይተንተን፤ ሦስቱ ውጤቶች በሠንጠረዥ ጎን ለጎን ይጻፉ። ድጋፉ የተቋረጠ ዊንዶውስ የተጫነበት ምናባዊ ኮምፒውተር ከኔትወርክ ይነጠል፤ ፋይል በአንድ የጋራ ማኅደር በኩል ይውጣ። በላቦራቶሪው መዝገብ ላይም ከቀኑና ከናሙናው ቁጥር ቀጥሎ ፕሮግራሙ፣ ዕትሙ፣ በየትኛው ኦፐሬቲንግ ሲስተምና በየትኛው መንገድ እንደተሠራ አንድ መስመር ይታከል።